የካርቱን ፊልም ዘፈን ትራምፔት ለሚማር ሰው ለምን ይጠቅማል? ከሐርጌሳ የሰልፍ ጎዳና የሚነሳ ጥያቄ

ግንቦት 10 በደረሰ ቁጥር የሐርጌሳ ዋና ጎዳና አረንጓዴ፣ ነጭና ቀይ ቀለም ይለብሳል። ሶማሊላንድ እአአ በ1991 ከተቀረው ሶማሊያ ተነጥላ ነጻነቷን ያወጀችበት ዕለት ሲከበር፣ የደንብ ልብስ የለበሰ ማርሽ ባንድ የትንፋሽ መሣሪያዎቹንና ከበሮውን ይዞ ከሰልፈኛው ጋር ያልፋል።

በቀሪው ጊዜ የሐርጌሳ ሙዚቃ መለያ ኡድ፣ ከበሮና የሰው ድምፅ፣ ካለፉት ጥቂት አሥርተ ዓመታት ወዲህም ኪቦርድ ነው። የነሐስ መሣሪያ ለከተማዋ ነዋሪ ጆሮ የሚደርሰው በአብዛኛው ከሥነ ሥርዓት፣ ከባንዲራና ከወታደራዊ እርምጃ ጋር ተያይዞ ነው።

ሰልፉን የተመለከተ አንድ ታዳጊ ትራምፔት ቢያገኝ በምን ይጀምር? መጀመሪያ የሚመጣለት ሐሳብ የሰማውን ማርሽ መሞከር ይሆናል። በነሐስ መሣሪያ ትምህርት የቆየው ልምድ ግን ሌላ መንገድም ይጠቁማል፤ በቃል የሚታወቅ፣ ጨዋታ የሞላበት ዜማ። ዜማው ከካርቱን ፊልም የተወሰደ ቢሆን እንኳ።

ይህ ልጆችን ማባበያ ሊመስል ይችላል። ምክንያቱ ግን ከመሣሪያው ተፈጥሮ የመነጨ ነው።

ድምፁ የሚወለደው ከከንፈር ነው

ፒያኖ የሚማር ሰው ትክክለኛውን ቁልፍ ከነካ ትክክለኛው ድምፅ ይወጣለታል። ኡድ የሚማርም ጣቱ ያረፈበትን ቦታ በዓይኑ ማየት ይችላል። ትራምፔት ለጀማሪ እንዲህ ያለ እርዳታ አይሰጥም።

በነሐስ መሣሪያ ድምፁን የሚፈጥረው ብረቱ ሳይሆን ከንፈር ነው። ነፋሹ ከንፈሮቹን ገጥሞ አየር ሲያሳልፍባቸው ይርገበገባሉ። ማውዝፒስ የሚባለው ትንሽ ጽዋ መሰል ክፍል ይህን ንዝረት ተቀብሎ ወደ ቱቦው ያስተላልፋል፤ ቱቦውም ያጎላዋል። ሳክስፎን ከነሐስ የተሠራ ሆኖ ሳለ ከዚህ ቤተሰብ የማይቆጠረው ለዚህ ነው፤ በእርሱ ላይ የሚርገበገበው ከንፈር ሳይሆን ከሸምበቆ የተሠራ ስስ ምላስ ነው።

ትራምፔት ያሉት ቫልቮች ሦስት ብቻ ናቸው። ሁለተኛው ሲጫን ድምፁ በግማሽ ቶን፣ አንደኛው ሲጫን በአንድ ሙሉ ቶን፣ ሦስተኛው ሲጫን ደግሞ በአንድ ተኩል ቶን ይወርዳል። ሦስቱን በማቀያየር የሚገኘው አጫጫን ስምንት ዓይነት ነው፤ በተለመደው የመሣሪያው ክልል የሚወጡት ድምፆች ግን 30 ያህል ናቸው። ስለዚህ አንዱ አጫጫን ብዙ ድምፆችን ይሸከማል። አንድም ቫልቭ ሳይነካ፣ ከንፈርንና ትንፋሽን በመለዋወጥ ብቻ፣ ከታች ዶ፣ ከዚያ ሶል፣ ቀጥሎ ላይኛው ዶ፣ ሚና ሶል ይወጣሉ።

የጀማሪው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ጣቱን በትክክል አስቀምጦ የተሳሳተ ድምፅ ሊያወጣ ይችላል። የት ማረፍ እንዳለበት የሚነግረው ምልክት ከመሣሪያው ላይ የለም፤ የሚቀጥለውን ድምፅ ከመንፋቱ በፊት በአእምሮው መስማት አለበት።

በቃል የሚያውቀው ዜማ የሚረዳው በዚህ ነው። ቀጣዩ ድምፅ ከፍ ማለት ወይም ዝቅ ማለት እንዳለበት ጆሮው አስቀድሞ ያውቃል። ሲሳሳትም ወዲያው ይሰማዋል። አስተማሪ አጠገቡ ባይኖር እንኳ ዜማው ራሱ ያርመዋል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም

ቀላል ዘፈንን ለከባድ ልምምድ ማዋል የካርቱን ፊልም ከመፈጠሩ በፊት የነበረ ነው። ፈረንሳዊው የኮርኔት ሊቅ ዣን ባቲስት አርባን እአአ በ1864 ያሳተመው የማስተማሪያ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ በትራምፔት ተማሪዎች እጅ አለ። መጽሐፉ በስኬል፣ በምላስ አጠቃቀምና በከንፈር ልምምዶች የተሞላ ነው። ከእነዚህ ጎን ግን በዘመኑ ሕዝቡ ያንጎራጉራቸው የነበሩ በርካታ ዜማዎች ተካትተዋል።

አርባን እጅግ ፈጣን ጣትና ምላስ የሚጠይቁ ልዩነቶችን የደረደረበት "የቬኒስ ካርኒቫል" የሚባለው ሥራም መሠረቱ ማንም ሊያንጎራጉረው የሚችል ቀላል የሕዝብ ዜማ ነው። ነፋሹ ዋናውን ዜማ በጆሮው ይዞ ስለሚጓዝ፣ በመቶዎች በሚቆጠሩ ኖታዎች መካከል መንገዱን አይስትም።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ይህንኑ ሐሳብ ካስፋፉት መካከል ከ1944 እስከ 1988 በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ቱባ የተጫወተው አርኖልድ ጄከብስ ይገኝበታል። የትምህርቱ ፍሬ ነገር ዘፈንና ትንፋሽ በሚሉ ሁለት ቃላት ይጠቃለላል። ጄከብስ ተማሪዎቹ ስለ ከንፈራቸው ጡንቻ እንዲጨነቁ አይፈልግም ነበር። አየሩን በነጻነት እንዲለቁና የሚፈልጉትን ድምፅ በአእምሯቸው እንዲዘፍኑ ያስተምር ነበር፤ በእርሱ እምነት ከንፈር ሐሳብን ተከትሎ ይሄዳል።

የጫካው ንጉሥ ምን ያስተምራል?

የዋልት ዲዝኒ ኩባንያ እአአ በ1967 ያወጣው "ዘ ጃንግል ቡክ" የካርቱን ፊልም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። በፊልሙ ኪንግ ሉዊ የሚባል ኦራንጉታን የሰው ልጅ የመሆን ምኞቱን በዘፈን ይገልጻል። ዘፈኑን የደረሱት ወንድማማቾቹ ሪቻርድና ሮበርት ሸርማን ናቸው። የኦራንጉታኑን ድምፅ የሰጠው ደግሞ እአአ በ1910 በኒው ኦርሊንስ የተወለደው ሉዊ ፕሪማ ነው። ፕሪማ ዘፋኝ ብቻ አልነበረም፤ የጃዝ ትራምፔት ተጫዋችና የባንድ መሪም ነበር።

በዘፈኑ መካከል ንጉሡና ባሉ የተባለው ድብ ትርጉም ባለው ቃል ሳይሆን በድምፅ ብቻ ይመላለሳሉ። አንዱ አጭር ሐረግ ይወረውራል፤ ሌላው ተቀብሎ ይመልሳል። ይህ የጃዝ ሙዚቀኞች መሣሪያቸውን በአፋቸው የሚያስመስሉበት አዘፋፈን ነው። ትራምፔት ለሚማር ሰው ደግሞ ዝግጁ የሆነ ትምህርት ነው፤ በአፍ የተባለውን ሐረግ በመሣሪያ መድገም ብቻ ይቀረዋል።

ዜማው ሌሎች ጥቅሞችም አሉት። ጅማሬው በጨለም ያለ ማይነር ሄዶ አዝማቹ ላይ ወደ ብሩህ ሜጀር ስለሚሻገር፣ ጆሮ የሁለቱን ልዩነት በግልጽ ይለያል። የስዊንግ ምቱ ምላስ የት መጠንከር፣ የት መለስለስ እንዳለበት ያስገድዳል። ሐረጎቹ አጫጭር በመሆናቸውም ትንፋሽ ለመውሰድ ጊዜ ይሰጣሉ።

ዲዝኒ ከነሐስ ጋር ያለው ወዳጅነት በዚህ አላበቃም። እአአ በ2009 በወጣው "ዘ ፕሪንሰስ ኤንድ ዘ ፍሮግ" ፊልም ውስጥ ሉዊ የሚባል አዞ ከጃዝ ሙዚቀኞች ጋር የመጫወት ሕልም አለው። ከአዞው ትራምፔት የሚሰማውን ድምፅ የተጫወተው የኒው ኦርሊንሱ ታዋቂ ትራምፔተኛ ቴረንስ ብላንቻርድ ነው። ልጆች እየሳቁ የሚያዳምጡት ድምፅ፣ በሙያው አንቱ የተባለ ሰው የነፋው ነው ማለት ነው።

ልምምዱ እንዴት ይካሄዳል?

የመጀመሪያው ደረጃ ትራምፔቱን ሳጥኑ ውስጥ ትቶ መዝፈን ነው። ዜማውን ከልብ አስተካክሎ ማንጎራጎር ያልቻለ ሰው በመሣሪያ ማስተካከሉ አጠራጣሪ ነው።

ሁለተኛው ማውዝፒሱን ብቻ ይዞ ዜማውን በከንፈር ንዝረት ማውጣት ነው። ድምፁ እንደ ንብ ጥዝጥዝ ያለና ዝቅተኛ በመሆኑ ጎረቤት አይረብሽም። ማውዝፒስ በኪስ ስለሚያዝም ለልምምድ የተለየ ክፍል አያስፈልግም። በአደባባይ ሙዚቃ ማቅረብ ከወግ አጥባቂ የሃይማኖት አስተያየት ጋር በሚጋጭባትና ቤቶች በተጠጋጉባት ሐርጌሳ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሦስተኛው የምላስ ሥራ ነው። ነፋሾች ድምፅ የሚጀምሩት ምላሳቸው ፊደል የሚናገር ይመስል ነው። ጠንከር ላለ አጀማመር "ቱ"፣ ለለስላሳው "ዱ" ይላሉ። ፈጣን ሲሆን "ቱ-ኩ፣ ቱ-ኩ"፣ በሦስት ሲከፋፈል ደግሞ "ቱ-ቱ-ኩ" እያሉ ያፈራርቃሉ። በጨዋታ ዘፈን ውስጥ ያሉት ትርጉም አልባ ድምፆች ይህንኑ ሥራ ለምላስ ያለማምዳሉ።

አራተኛው ዜማውን ከታች ቀስ ብሎ ጀምሮ በግማሽ ቶን ከፍ እያደረጉ መድገም ነው። ዘፈኑ ያው ቢሆንም በእያንዳንዱ ከፍታ የቫልቮቹ አጫጫን ይቀየራል፤ ጣት ሳይታወቀው በርካታ ስኬሎችን ይማራል።

አምስተኛው እረፍት ነው። በአፍ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይደክማል። በነፋሾች ዘንድ የተለመደው ምክር የነፉትን ያህል ጊዜ ማረፍ ነው። አንዱን ሐረግ ነፍቶ፣ ቀጣዩን መሣሪያውን አውርዶ መዝፈን ልምምዱ ሳይቋረጥ ከንፈሩን ያሳርፈዋል።

ጨዋታው የማይሸፍነው

ዘፈን ብቻውን ግን ነፋሽ አያደርግም። ድምፅን ለረጅም ጊዜ ሳያንቀጠቅጡ መያዝ፣ ያለ ምላስ ከአንድ ድምፅ ወደ ሌላው በከንፈር መሻገር፣ ኖታ ማንበብ የየራሳቸው ጊዜ ይፈልጋሉ። አንድ ዘፈን ብቻ የሚደጋግም ሰው ዘፈኑ ያለበትን ምቹ ክልል ብቻ ተምሮ ይቀራል።

አደገኛው ልማድ ደግሞ ከፊልሙ ቅጂ ጋር ለመፎካከር ሲባል ማውዝፒሱን ከንፈር ላይ ተጭኖ ከፍተኛ ድምፅ ለማውጣት መታገል ነው። ለጊዜው ድምፁ ሊወጣ ይችላል፤ ከንፈሩ ግን ይጎዳል። ዜማው ከአቅም በላይ ከሆነ ዝቅ አድርጎ መንፋት ነውር የለውም።

ዘፈኑ የግድ የአሜሪካ ፊልም ዘፈን መሆን አለበት ማለትም አይደለም። ዋናው በቃል መታወቁ ነው። የሶማሊም ሆነ የበርካታ የኢትዮጵያ ዜማዎች በአምስት ድምፅ ቅኝት ላይ የተመሠረቱ ናቸው፤ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ሰፋ ያለ ዝላይ ስላላቸው ከንፈርን በደንብ ይፈትናሉ። የካርቱኑ ዜማ በበኩሉ በመካከል ያሉትን ግማሽ ቶኖች ስለሚጠቀም ጣቶችን ያሠራል። አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል።

ነሐስ ወደ ቀንዱ እንዴት መጣ?

በከንፈር ንዝረት የሚነፉ መሣሪያዎች ለአካባቢው እንግዳ አይደሉም። በኢትዮጵያ የነገሥታትና የመኳንንት መምጣት በመለከት ይታወጅ ነበር። በሶማሊዎች ዘንድም "ቡን" የሚባል የሚነፋ መሣሪያ አለ። ቫልቭ ያላቸው ዘመናዊ የነሐስ መሣሪያዎች ግን የመጡት ከመንግሥት ሥነ ሥርዓት ጋር ነው።

ከየካቲት 23/1888 ዓ.ም የአድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ ሁለተኛ ለአፄ ምኒልክ የነሐስ የሙዚቃ መሣሪያዎች ልከዋል። እአአ በ1924 ደግሞ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ መኮንን ኢየሩሳሌምን ሲጎበኙ፣ ከአርመናውያን ጭፍጨፋ የተረፉ ወላጅ አልባ ወጣቶች ያቋቋሙትን የነሐስ ባንድ ሰምተው ወደ አዲስ አበባ አስመጧቸው። "አርባ ልጆች" በሚል ስም የሚታወቁት እነዚህ ወጣቶች ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደርሰዋል።

መሣሪያዎቹ በሰልፍ ሜዳ ቢቀሩ ኖሮ ታሪኩ በዚህ ባበቃ ነበር። ነገር ግን በክቡር ዘበኛ፣ በፖሊስ፣ በጦር ሠራዊትና በማዘጋጃ ቤት ባንዶች የሠለጠኑ ሙዚቀኞች ቀን ማርሽ ነፍተው ማታ የሚጨፈርበትን ዘፈን መጫወት ጀመሩ። በ1950ዎቹና 60ዎቹ የአዲስ አበባን ዘመናዊ ሙዚቃ የወለደው ይህ ሽግግር ነው።

ከሁሉ ጎልቶ የሚጠቀሰው ምሳሌ የሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያ ነው። እአአ በ2016 ያረፈው ጌታቸው የጦር ሜዳውን ሽለላና ፉከራ ወደ ሳክስፎን አምጥቶ ለራሱ የተለየ ድምፅ ፈጠረ። መሣሪያው ከነሐስ ቤተሰብ ባይቆጠርም መንገዱ ያው ነው፤ በሰው ጉሮሮ የሚታወቀውን ነገር በመሣሪያ መናገር።

ከ1966ቱ አብዮት በኋላ በሰዓት እላፊና በኪቦርድ መስፋፋት ምክንያት ትላልቆቹ የነሐስ ቡድኖች ተመናመኑ። የነሐስ ቡድን ብዙ ሰው፣ ብዙ ልምምድና ቋሚ መድረክ ይፈልጋል። ኪቦርድ ደግሞ ድምፁን በአንድ ጣት ያስመስላል።

ካሴት ይቀበራል፤ ከንፈር ግን አይቀበርም

የሐርጌሳ ታሪክ ከዚህ የከፋ ነው። በከተማዋ ዘመናዊ ሙዚቃ የተስፋፋው በኡድና በሬዲዮ ነበር። በእንግሊዝ ቅኝ አገዛዝ ዘመን እአአ በ1943 የተመሠረተው ሬዲዮ ሐርጌሳ፣ እንደ አብዱላሂ ቀርሼ ያሉ ቀዳሚ ሙዚቀኞች ድምፅ የተሰማበት ቤት ሆነ። በደቡብ፣ በሞቃዲሾ፣ በ1970ዎቹና 80ዎቹ የተነሱት ባንዶች የትንፋሽ መሣሪያዎችን ከጊታርና ከኪቦርድ ጋር አዋሕደው ነበር።

እአአ በ1988 የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን ከምድርና ከአየር ደበደበ። ከተማዋ ፈራረሰች፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ወደ ኢትዮጵያ ተሰደዱ። ዛሬ በመሀል ከተማ በሐውልት ላይ የቆመው ሚግ የጦር አውሮፕላን የዚያ ዘመን መታሰቢያ ነው።

የሬዲዮው ባልደረቦችና የሙዚቃ ሰዎች ካሴቶችንና የቴፕ ጥቅልሎችን ከጥፋት ለማዳን መሬት ውስጥ ቀበሯቸው፤ ሌሎቹን ወደ ጎረቤት አገሮች አሸሹ። ከእነዚህና ከግለሰቦች እጅ የተሰበሰቡ ከአሥር ሺህ በላይ ካሴቶች ዛሬ በሐርጌሳ የባህል ማዕከል ይገኛሉ። ከሶማሊ የሙዚቃ ቅጂዎች ተመርጦ እአአ በ2017 የታተመው "ስዊት አዝ ብሮክን ዴትስ" አልበም ለግራሚ ሽልማት እስከመታጨት ደርሷል። ከፈረንሳይ ስደት የተመለሰችው ድምፃዊት ሳህራ ሐልገንም በከተማዋ "ሂዶ ዳውር" የተባለ የባህል ምግብና ሙዚቃ ቤት ከፍታ ዜማው በአካል የሚሰማበት መድረክ ፈጥራለች።

ድምፅ ተቀብሮ ሊወጣ እንደሚችል ሐርጌሳ አሳይታለች። ሙያ ግን እንዲህ አይደለም። የነሐስ ነፋሽ ከንፈር ጥቂት ሳምንታት ካልሠራ ይዳከማል፤ ለዓመታት ከቆመ ከሞላ ጎደል እንደ አዲስ መጀመር ይኖርበታል። እውቀቱም ከነፋሽ ወደ ነፋሽ፣ ጎን ለጎን ተቀምጦ የሚተላለፍ ነው። አንድ ትውልድ ከተሰደደ ወይም ከሞተ ካሴቱ ድምፁን እንጂ ድምፁ የወጣበትን መንገድ አያስቀምጥም።

ለጀማሪው የጨዋታ ዘፈን ክብደት የሚሰጠው ይህ ነው። በዓመት አንዴ ለሚደምቅ በዓል ብሎ በየቀኑ የሚለማመድ ሰው ጥቂት ነው። የሚወደው ዘፈን ያለው ግን ማውዝፒሱን ከኪሱ ያወጣል። ትናንት ያልወጣለትን ሐረግ ዛሬ ይሞክራል፤ ነገም ይመለስበታል። ከንፈር የሚጠነክረው በዚህ መመላለስ ነው።

በመጪው ግንቦት 10 በሐርጌሳ ጎዳና የሚሰማው ማርሽ የመንግሥት ነው። ከሰልፉ በኋላ አንድ ልጅ ቤቱ ገብቶ የድቡንና የኦራንጉታኑን ዜማ፣ ወይም እናቱ የምታንጎራጉረውን፣ በትንሿ ጽዋ ቢሞክር ዜማው የራሱ ይሆናል።